ቁጥሩ ሚዛን አለው፤ ማስታወሻውስ?

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ታክስ፣ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ኢሚግሬሽን ወረቀት ነው። የዛሬው ርእስ ከሩቅ ሲያዩት የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ጉዳይ ይመስላል። ሲቀርቡት ግን የባለ ሱቁና የባለ ታክሲው ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የንግድ መዝገባችንን ከአንድ ዳታቤዝ ወደ ሌላ ዳታቤዝ ስናዛውር ረጅሙ ማስታወሻ ምን ይሆናል?

ዳታቤዝ በቀላል አነጋገር የተደራጀ መዝገብ ነው። አንደኛው ሰንጠረዥ ደንበኞችን፣ ሁለተኛው ሽያጭን፣ ሦስተኛው ሠራተኞችን ይይዛል፤ እርስ በርሳቸውም በመለያ ቁጥር ይያያዛሉ። በሰንጠረዡ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዓምድ ምን ዓይነት ነገር እንደሚገባበትና ምን ያህል እንደሚይዝ አስቀድሞ ተወስኖለታል። ይኼኛው ለቁጥር፣ ያኛው ለቀን፣ ሌላው ለአጭር ጽሑፍ፣ የመጨረሻው ለረጅም ጽሑፍ። ችግሩ ግን ዳታቤዝ የሚሠሩት ድርጅቶች ለዓምዱ የሚሰጡት ስምና ስፋት አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በአንዱ ቤት በጆንያ የተቀመጠው እህል ሌላው ቤት ሲደርስ በቁና ሊጠብቀው ይችላል። ከቁናው የተረፈው ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ፣ የሚሄደው መሬት ላይ ነው።

ብዙዎቻችን ንግድ ስንጀምር ሂሳባችንን በደብተር ያዝን። ቀጥሎ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ዘመድ ወይም የወዳጅ ልጅ በማይክሮሶፍት አክሰስ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ሠራልን። ፕሮግራሙ ከሱቁ ጓዳ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ ለዓመታት አገለገለ። አሁን ግን ሁለተኛ ሱቅ ተከፈተ፣ ታክሲውም ሦስት ሆነ፣ ባለቤቱም መዝገቡን ከስልኩ ላይ ማየት ፈለገ። በዚህ ጊዜ ነው ባለሙያ ተጠርቶ «ወደ ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ወደ ማይ ኤስኪውኤል ወይም ወደ ፖስትግሬስ እናዛውረው» የሚባለው። መዛወሩ መልካም ነው፤ አልቃወምም። የምቃወመው ባለቤቱ ሂሳብ ከፍሎ ሲያበቃ ምን እንደተረከበ ሳያውቅ መቅረቱን ነው።

እስቲ የራስዎን መዝገብ ይክፈቱና «ማስታወሻ» የሚለውን ዓምድ ይመልከቱ። የንግድዎ ነፍስ ያለው እዚያ ነው። ዋጋውና ቀኑ በየሳጥኑ ገብቷል፤ ስምምነቱ፣ ይቅርታው፣ ማስጠንቀቂያውና ቃል ኪዳኑ ግን የተጻፈው በማስታወሻው ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ የቅመማ ቅመም ሱቅ እንውሰድ። አንዲት ደንበኛ ለልጃቸው ሠርግ የ800 ዶላር ዕቃ በዱቤ ወሰዱ። ባለ ሱቁ ይህንን በማስታወሻው ጻፈ። ከወር በኋላ «300 ተቀብያለሁ፣ ቀሪው እስከ ፋሲካ» ብሎ ከሥሩ ጨመረ። ቀጥሎ «ከበርበሬው አንዱ ከረጢት ረጥቦ ስለተገኘ 50 ተቀንሶላቸዋል» አለ። ከዚያ የስልክ ንግግር፣ ከዚያ ሌላ ክፍያ፤ በመጨረሻም «ቀሪው በሙሉ ተከፍሏል፤ ዕዳ የለባቸውም» ብሎ ዘጋው።

ልብ ይበሉ፤ እኛ ማስታወሻ የምንጽፈው ከላይ ወደ ታች ነው። አዲሱ ነገር ሁልጊዜ ከሥር ይጨመራል። ኮምፒዩተርም ረጅም ጽሑፍ ሲቆርጥ የሚቆርጠው ከጅራቱ ነው። ስለዚህ የሚጠፋው ያረጀው ወሬ ሳይሆን የመጨረሻው ቃል ነው። ዕዳው ይቀመጣል፤ «ተከፍሏል» የሚለው ይጠፋል። ከዓመት በኋላ አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ መዝገቡን አይቶ ለእኚያ እናት ስልክ ቢደውልና ዕዳ ቢጠይቃቸው፣ የሚጠፋው የአንድ ደንበኛ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ነገሩ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይነገራል፤ በለቅሶ ቤት ይነገራል። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ስም ከጠፋ በማስታወቂያ አይመለስም።

ባለ ታክሲውም ከዚህ አያመልጥም። መኪናውን ለሌላ ሾፌር በሳምንት ክፍያ የሰጠ ሰው፣ የመያዣው ገንዘብ ስንት እንደሆነ፣ ጎማውን ማን እንደሚገዛ፣ የመኪናው የቀኝ በር ከመቼ ጀምሮ የተጋጨ እንደሆነ፣ ኢንሹራንሱ ምን እንዳለ፣ ይህን ሁሉ የሚጽፈው በዚያው በማስታወሻው ዓምድ ነው። ሁለቱ በተጣሉ ቀን ዳኛው የሚጠይቀው ይህንኑ ጽሑፍ ነው።

አሁን ወደ መቁረጡ እንምጣ። በአክሰስ ውስጥ አጭር ጽሑፍ የሚባለው ዓምድ የሚይዘው ቢበዛ 255 ፊደል ነው። ረጅም ጽሑፍ የሚባለው፣ እስከ 2013 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. እትም ድረስ ሜሞ ይባል የነበረው፣ ብዙ ሺህ ፊደል ይይዛል። 255 የሚለው ቁጥር ምሥጢር የለውም፤ በአንድ ባይት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ስለሆነ ነው። የኮምፒዩተር ማስቀመጫ ውድ በነበረበት ዘመን ይህ ቁጠባ ትርጉም ነበረው። ዛሬ ግን የቀረው ልማዱ ነው። ብዙ ባለሙያ አዲስ ሰንጠረዥ ሲሠራ ለማንኛውም የጽሑፍ ዓምድ ሳያስብበት 255 ብሎ ይጽፋል። የእኚያን እናት ማስታወሻ ቢቆጥሩት 255 ፊደል የሚያልቀው በርበሬው ከረጠበበት ታሪክ ላይ ነው።

«ታዲያ አዲሱ ዳታቤዝ አይጮህም ወይ?» ቢሉ፣ አንዳንዱ ይጮሃል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል። ማይ ኤስኪውኤል ለብዙ ዓመታት የተሠራው ከስፋቱ ያለፈውን ጽሑፍ ቆርጦ፣ ማንም የማያነበው ማስጠንቀቂያ ጽፎ፣ ሥራውን እንዲቀጥል ሆኖ ነበር። እምቢ ማለት የተለመደ ጠባዩ የሆነው በ2015 በወጣው 5.7 በተባለው እትሙ ነው። ይሁን እንጂ ያረጀ ፕሮግራም እንዳይቆምበት ሲል ይህን ጥብቅነት የሚያጠፋ ባለሙያ አለ፤ «ኢግኖር» የሚል ቃል ያለበት የማስገቢያ ትእዛዝም ስህተቱን ወደ ማስጠንቀቂያ ዝቅ ያደርገዋል። ኤስኪውኤል ሰርቨር እና ፖስትግሬስ ከስፋቱ ያለፈ ጽሑፍ ሲመጣባቸው እንደ ደንቡ እምቢ ይላሉ፤ ሥራውም ይቆማል። ግን ባለሙያው መቆሙ ሲያሰለቸው ጽሑፉን ራሱ በትእዛዝ ያሳጥረዋል። በፖስትግሬስ እንዲህ ተገድዶ የተለወጠ ጽሑፍ ያለ አንዳች ድምፅ ይቆረጣል። በኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ ጽሑፉን ሲለውጥ ስፋቱን መጻፍ ከረሳ፣ ዳታቤዙ በራሱ ፈቃድ 30 ፊደል ብቻ ያስቀርለታል።

ከዚህም የከፋው ማስታወሻው ከአሮጌው ቤት ሳይወጣ መቆረጡ ነው። በአክሰስ ውስጥ ተደጋጋሚ መዝገቦችን ለማስወገድ ወይም በቡድን ለመደመር የተዘጋጀ መጠይቅ ረጅሙን ጽሑፍ በ255 ፊደል ይቆርጠዋል። በኤክሴል በኩል የሚያሻግር ባለሙያም አለ። የኤክሴል አንድ ሳጥን እስከ 32,767 ፊደል ይይዛል፤ ይህ ይበቃል። ነገር ግን ከኤክሴል ወደ ዳታቤዝ የሚያስገባው የማይክሮሶፍት መሣሪያ፣ ካልተነገረው በቀር፣ የዓምዱን ዓይነት የሚገምተው የመጀመሪያዎቹን 8 ረድፎች አይቶ ነው። በእነዚያ ስምንት ረድፎች ያሉት ማስታወሻዎች አጭር ከሆኑ ዓምዱ በሙሉ አጭር ነው ብሎ ይፈርዳል፤ ከታች ያሉትንም ረጃጅሞች በ255 ይቆርጣቸዋል። ስምንት ሰው አይቶ የአገሩን ሕዝብ ቁመት እንደሚወስን ሰው ማለት ነው።

በነጠላ ሰረዝ በተለየ ተራ የጽሑፍ ፋይል የሚያሻግሩትም አሉ። ማስታወሻዎ ውስጥ አዲስ መስመር ጀምረው ከሆነ፣ ተቀባዩ ያንን አዲስ መስመር እንደ አዲስ መዝገብ ሊቆጥረው ይችላል። ያኔ የአንዱ ደንበኛ ታሪክ ግማሹ ስም የሌለው ሌላ ደንበኛ ሆኖ ይወለዳል።

ወደ እኛው ፊደል ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የእንግሊዝኛ ፊደል ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ ባይት ይወስዳል፤ አንዱ የግዕዝ ፊደል ግን ሦስት ባይት ይወስዳል። አንዳንድ ዳታቤዝ የዓምዱን ስፋት በፊደል ሲቆጥር ሌላው በባይት ይቆጥራል። በማይ ኤስኪውኤል «ቴክስት» የሚባለው ዓምድ 65,535 ባይት ይይዛል፤ ይህ በግዕዝ 21,845 ፊደል ነው፤ ለአብዛኛው ማስታወሻ ይበቃል። «ታይኒቴክስት» የሚባለው ግን የሚይዘው 255 ባይት ስለሆነ በአማርኛ ሲጻፍበት 85 ፊደል ላይ ያልቃል። 85 ፊደል ሰላምታውን ጨርሶ ጉዳዩን አያስጀምርም።

በኤስኪውኤል ሰርቨርም የአማርኛ ማስታወሻ ለምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ብቻ በተዘጋጀ ተራ «ቫርቻር» ዓምድ ውስጥ ከገባ፣ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። ርዝመቱ እኩል ነው፤ ቁጥሩ ልክ ነው፤ የሚነበብ ነገር ግን የለም። ከጥያቄ ምልክት ወደ ፊደል የሚመልስ ባለሙያ ደግሞ በዓለም ላይ የለም።

ቀደምት ለሆኑት ነጋዴዎች አንድ ነገር ልጨምር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ማስታወሻ በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ የተቀመጠው በላቲን ፊደል ቁጥር ነው፤ የግዕዝ መልክ የሚሰጠው ፎንቱ ነው። ፎንቱ በሌለበት አዲስ ቤት ሲደርስ ትርጉም የሌለው የፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። እንዲህ ያለ መዝገብ ያለው ሰው ከማዛወሩ በፊት ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ማስለወጥ አለበት።

«ይህ ሁሉ ለምን ያሳስበናል? ማስታወሻ ማስታወሻ ነው» የሚሉ አይጠፉም። መልሴ ሕጉ ነው። በአሜሪካ የገቢ ታክስ ሕግ ወጪዬ ነው ያሉትን ማስረዳት ያለብዎት እርስዎ ነዎት። አይ.አር.ኤስ. የታክስ ማመልከቻዎን ለመመርመር በአጠቃላይ 3 ዓመት አለው። ካስታወቁት ጠቅላላ ገቢ ከ25 በመቶ የሚበልጥ ገቢ ሳያስታውቁ ከቀሩ 6 ዓመት ይሆናል። የማይከፈል ዕዳ ብለው ለሚቀንሱት ሂሳብ መዝገቡን 7 ዓመት እንዲያቆዩ ይመከራል፤ ዕዳው የማይከፈል መሆኑን ለማሳየትም ስልክ መደወልዎን፣ ደብዳቤ መጻፍዎን፣ ምን መልስ እንዳገኙ ማስረዳት አለብዎት። ይህ ሁሉ የሚጻፈው የት ነው? በማስታወሻው ዓምድ። አንድ መኪና ለቤተሰብም ለንግድም የሚጠቀም ሰው ደግሞ የጉዞውን ርቀት፣ ቀን፣ ቦታና የንግድ ምክንያት መመዝገብ አለበት። ርቀቱና ቀኑ በየሳጥናቸው ደህና ሲደርሱ ምክንያቱ ተቆርጦ ከቀረ መርማሪው አራተኛውን እግር ያጣ ወንበር ነው የሚያየው። «ኮምፒዩተሩ ቆርጦት ነው» ብሎ ማመካኘት ደግሞ ደረሰኝ አይሆንም።

የኢሚግሬሽኑም ጉዳይ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ቀጣሪ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የሚሞላውን አይ 9 የተባለውን ቅጽ፣ ሠራተኛው ከተቀጠረበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ወይም ሥራ ከለቀቀበት ቀን ጀምሮ 1 ዓመት፣ ከሁለቱ የዘገየው እስኪደርስ ድረስ ማቆየት አለበት። የሥራ ፈቃዱ ጊዜ የሚያልፍበት ሠራተኛ ካለ ያ ቀን ከመድረሱ በፊት እንደገና ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በትንንሽ ንግዶች ይህ ቀን የተጻፈው ብዙውን ጊዜ በሠራተኛው ማስታወሻ ግርጌ ነው፤ ማለትም ቢላዋው በሚያርፍበት ቦታ። ለዜግነት የሚያመለክት ባለ ታክሲም ባለፉት 5 ዓመታት ከአገር የወጣባቸውን ቀኖች ይጠየቃል። «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን መኪናውን ለእገሌ ሰጥቼ አገር ቤት ሄድኩ» የሚለው የመዝገብ ማስታወሻ ለብዙ ሰው ከፓስፖርቱ ማኅተም የተሻለ አስታዋሽ ነው።

እኔ የተማርኩት ሂሳብ ነው፤ ዲግሪዬንም ያገኘሁት በባዕድ አገር ነው። እዚያ ከተማርኳቸው ነገሮች ሁሉ በሥራዬ በብዛት የጠቀመኝ አንድ ቀላል ብልሃት አለ። ሂሳብ ከአንድ መዝገብ ወደ ሌላ ሲገለበጥ ብሩን ብቻ አይደምሩም፤ የማይደመረውንም ይደምራሉ። የደንበኞችን መለያ ቁጥር ሁሉ በአንድ ላይ ደምረው አንድ ትልቅ ቁጥር ያገኛሉ። ያ ቁጥር በራሱ ምንም ትርጉም የለውም፤ ማንም አይከፍለውም፣ ማንም አይቀበለውም። ጥቅሙ ከመገልበጡ በፊትና በኋላ እኩል መሆን አለመሆኑን ማሳየቱ ብቻ ነው። እኩል ካልሆነ በመንገድ ላይ የቀረ ነገር አለ ማለት ነው።

ዳታቤዝ ሲዛወር ባለሙያው የሚያሳየን የመዝገቡን ብዛትና የገንዘቡን ድምር ነው። «1,240 ደንበኛ ነበረዎት፣ 1,240 ደርሷል፤ ዶላሩም ልክ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። ግን ማስታወሻው ተቆርጦ እንኳ መዝገቡ 1,240 ነው፤ ዶላሩም ልክ ነው። ቁጥሩ ሚዛን አለው፣ ጽሑፉ ሚዛን የለውም። እኔ የምለው ለጽሑፉም ሚዛን ይሠራለት ነው። በአሮጌው ዳታቤዝ ውስጥ በማስታወሻው ዓምድ ያለው ፊደል በሙሉ ስንት ነው? በአዲሱስ? ለምሳሌ በአሮጌው 318,400 ፊደል ቆጥሮ በአዲሱ 251,900 ካገኘ፣ 66,500 ፊደል መንገድ ላይ ቀርቷል። ይህን ለማወቅ ፕሮግራም መማር አያስፈልግም፤ ለባለሙያው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለቱም ወገን መቁጠር ያለባቸው ግን በፊደል ነው እንጂ አንዱ በፊደል ሌላው በባይት መሆን የለበትም፤ አለዚያ በአማርኛ በተጻፈ ማስታወሻ ላይ ሂሳቡ አይገጥምም። የአዲስ መስመር ምልክት አቆጣጠርም በሁለቱ ቤት ሊለያይ ስለሚችል ትንሽ ልዩነት ቢታይ ከየት እንደመጣ ያስረዳ። ትልቅ ልዩነት ግን ሰበብ የለውም።

ሌላም ቀላል ምልክት አለ። በአዲሱ መዝገብ ውስጥ ርዝመታቸው ልክ 255 የሆኑ ማስታወሻዎች ስንት እንደሆኑ ያስቆጥሩ። ሰው ሲጽፍ ርዝመቱ ይለያያል፤ ሰማንያ ደንበኛ በአጋጣሚ ልክ 255 ፊደል ላይ ታሪኩ አያልቅም። እንዲህ ያለ መደዳ ካዩ ቢላዋ እንዳለፈበት ይወቁ።

በባለሙያዎች በኩል የሚነሱትን ክርክሮች በአግባቡ መስማት አለብን። የመጀመሪያው «ሰፊ ዓምድ ቦታ ይፈጃል» የሚል ነው። እስቲ እናስላው። 1,240 ደንበኛ እያንዳንዱ 2,000 የግዕዝ ፊደል ማስታወሻ ቢኖረው፣ በሦስት ባይት ሲባዛ ሰባት ሚሊዮን ተኩል ያህል ባይት ነው። በስልክዎ የሚያነሷቸው ሁለት ሦስት ፎቶግራፎች ከዚህ የበለጠ ቦታ ይይዛሉ። ስለዚህ ይህ ክርክር ዘመኑ አልፎበታል።

ሁለተኛው ክርክር ግን ቁም ነገር አለው። «ረጅም ማስታወሻ የመጥፎ አያያዝ ምልክት ነው፤ ዱቤው በዱቤ ሰንጠረዥ፣ ክፍያው በክፍያ ሰንጠረዥ፣ የሥራ ፈቃዱ ቀን በቀን ዓምድ መግባት አለበት» ይላሉ። በዚህ እስማማለሁ። እንዲያውም ማስታወሻው ራሱ አንድ ትልቅ ጆንያ ከሚሆን፣ ለእያንዳንዱ ክስተት ቀኑና ጻፊው ያለበት የራሱ መስመር ቢኖረው ይሻላል። የማልስማማው በጊዜው ነው። ቤት የሚቀይር ሰው ዕቃውን በመኪና ላይ እያለ አይለይም፤ መጀመሪያ ሁሉንም በሙሉ ያደርሳል፣ ከዚያ ተቀምጦ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ይለያል። መዛወርና ማደራጀት በአንድ ቀን ከተሠሩ የጠፋው በየትኛው እንደጠፋ አይታወቅም።

ሦስተኛው «የትኛውም ደንበኛ ያን ያህል አይጽፍም» የሚል ነው። ይህ ግምት ነው። ረጅሙ ማስታወሻ ስንት ፊደል እንደሆነ ዳታቤዙን በአንድ መስመር ትእዛዝ መጠየቅ ሲቻል መገመት ምን አመጣው? የዓምዱን ስም አይቶ ማመንም አይበቃም። ኤስኪውላይት የሚባለው ትንሹ ዳታቤዝ ለምሳሌ ዓምዱ ላይ 255 ተብሎ ቢጻፍም ገደቡን አያስከብርም፤ አምስት ሺህ ፊደል ዝም ብሎ ይቀበላል። ወረቀቱ 255 ይላል፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው። መለካት ያለበት ውስጡ ነው።

በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ደንብ አንድ ነው፤ ዝም ብሎ ከሚቆርጥ ዳታቤዝ እምቢ የሚል ዳታቤዝ ይሻላል። ሥራው በመሃል ቆሞ ባለሙያው ሲበሳጭ፣ ሁለት ቀን ሲዘገይ፣ እርስዎም ሲበሳጩ፣ ያ መልካም ምልክት ነው። መዝገቡ «ይህ አይገባም» ብሎ እውነቱን ተናግሯል። «ምንም ችግር የለም፣ በአንድ ሰዓት አለቀ» የተባለ ቀን ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ያስታውሱ።

ስለዚህ ከባለሙያው ጋር ከመፈራረምዎ በፊት የሚከተሉትን በውሉ ላይ ያስገቡ። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ዓምድ መድረሻ በጽሑፍ ይዘርዘር፤ ስሙ፣ ዓይነቱና ስፋቱ። የአክሰስ ረጅም ጽሑፍ በኤስኪውኤል ሰርቨር «ኤንቫርቻር ማክስ»፣ በፖስትግሬስ «ቴክስት»፣ በማይ ኤስኪውኤል «ሚዲየምቴክስት» ወይም «ሎንግቴክስት» ሆኖ ይግባ፤ የማይ ኤስኪውኤሉ አጻጻፍም «ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 ኤምቢ 4» ይሁን። ኤስኪውኤል ሰርቨር ውስጥ «ኤንቴክስት» የሚባለውን የቆየ ዓይነት እንዳይጠቀሙ፤ ማይክሮሶፍት ከ2005 ጀምሮ ተዉት ብሎበታል። ሁለተኛ፣ ከመዛወሩ በፊትና በኋላ የመዝገብ ብዛት፣ የገንዘብ ድምርና የፊደል ድምር ጎን ለጎን ተጽፎ ይፈረምበት። ሦስተኛ፣ ረጃጅሞቹ አሥር ማስታወሻዎች ተመርጠው እርስዎ ራስዎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብቧቸው፤ በተለይ መጨረሻቸውን። አራተኛ፣ የክፍያው የመጨረሻ ክፍል ከዚህ ንባብ በኋላ ይከፈል።

አምስተኛ፣ አሮጌው ፋይል አይደምሰስ። ፋይሉ ብቻ ሳይሆን የሚከፍተው ፕሮግራምም ይቀመጥ፤ ቁልፍ የሌለው ሳጥን ማስቀመጥ ትርጉም የለውም። ከላይ የተናገርነው 7 ዓመት እስኪያልፍ ድረስ ቢቆይ ይመረጣል። በአክሰስ ውስጥ የማስታወሻው የቀድሞ ጽሑፎች ታሪክ እንዲጠበቅ ተደርጎ ከሆነም፣ ያ ታሪክ በተለመደው መንገድ ስለማይሻገር ለብቻው እንዲወጣ ይጠይቁ።

ስድስተኛ፣ ማስታወሻው ውስጥ መኖር የሌለበት ነገር ካለ ለባለሙያው ከመስጠትዎ በፊት ያውጡት። የደንበኛ ክሬዲት ካርድ ቁጥር፣ በተለይም ከካርዱ ጀርባ ያለው ሦስት አኃዝ፣ በማስታወሻ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። የሠራተኛ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥርም ቦታው ሌላ ነው። ጎረቤት ሁሉ በሚያየው መኪና ላይ የቤት ምሥጢር አይጫንም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲሉ አባቶቻችን የቆጠሩት በብራናና በደብተር ላይ ነው። ደብተር ሲቀደድ ይታያል፤ የተቀደደው ቅጠል ጥርሱን ጥሎ ይሄዳል። ኮምፒዩተር ሲቆርጥ ግን ጠርዙ ንጹሕ ነው፤ የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም። ስለዚህ ለልጆቻችን የምናወርሰው መዝገብ በሙሉ መድረሱን ማረጋገጥ ለቴክኒሻን የሚተው ሥራ አይደለም፤ የባለቤቱ ሥራ ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ቢያደርጉ፣ ባለፉት ዓመታት ፕሮግራም የቀየራችሁ ሁሉ አንድ የቆየ ደንበኛ ማስታወሻ ከፍታችሁ የመጨረሻውን ቃል አንብቡ። ዓረፍተ ነገሩ በአራት ነጥብ ካለቀ እሰየው። በመሃል ከተቋረጠ ግን አሮጌው ኮምፒዩተር ከጓዳ ሳይጣል ዛሬውኑ ባለሙያ ጥሩ።

ቸር ይግጠመን።